ሆምፔጁን ማን ነው የሚመልሰው? ከደብረ ብርሃን አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ነገሩ የተጋለጠው በአንዲት ወረቀት ነው።

ጊዜው ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። ደብረ ብርሃን በጥቅምት ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ያድራል። ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነው የሚሄደው። በዚያ ብርድ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ ካለ አንድ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሰልፍ ቆሟል። ዲቪ ነው። የዚያ ዓመት ምዝገባ ከመስከረም 22 እስከ ጥቅምት 28 ነበር። ከመንዝም፣ ከጣርማበርም፣ ከአንኮበርም ሰው ይመጣል።

የቤቱ ባለቤት ማታ ላይ ደወሉልኝ። እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ኮምፒውተራቸው ሲያስቸግራቸው የሚደውሉት ለእኔ ነው። "ና እስቲ ልጄ፣ ይቺን ወረቀት እያት" አሉኝ።

ወረቀቷ ከመሐል ሜዳ የመጡ አንድ አባት ለልጃቸው ያስሞሉት የዲቪ ማረጋገጫ ነበረች። ቢያንስ እሳቸው እንደዚያ መስሏቸው ከፍለው ሄደዋል። ዲቪ ተሞልቶ ሲያልቅ ኮንፈርሜሽን ነምበር ይወጣል። ውጤት የሚታየው በዚያ ቁጥር ነው። ስለዚህ ሰው ወረቀቱን እንደ ልደት ካርድ አጣጥፎ ነው የሚያስቀምጠው። በዚህች ወረቀት ላይ ግን ቁጥር የለም። የአሜሪካ ባንዲራ አለ፣ የልጁ ስም አለ፣ ከታች በእንግሊዝኛ ማመልከቻው ክፍያ እየጠበቀ ነው የሚል መስመር አለ።

ክፍያ? በዚያ ዓመት ዲቪ መሙላት በነፃ ነበር። የሚከፈለው ለሚሞላው ቤት ብቻ ነበር።

ስለ ሆምፔጅ፣ ብሮውዘሩ (ኢንተርኔት የምንከፍትበት ፕሮግራም) ሲከፈት ስለሚመጣው ገጽ፣ እጽፋለሁ ብዬ ስለ ዲቪ መጀመሬን አውቃለሁ። ግን በእኛ አገር ሆምፔጅ የሚያሳስበው እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ነው። "ሆምፔጅህ ተቀይሯል" ብትለው ማንም አይደነግጥም። የልጁ ዲቪ የውሸት ገጽ ላይ መሞላቱን ሲሰማ ነው የሚደነግጠው። የሰዎቹንና የቤቱን ስም ትቻለሁ። የቀረው እንደሆነው ነው።

ቤቱና አራቱ ኮምፒውተሮች

ቤቱ ጠባብ ነው። አንድ ትልቅ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ የላሚኔሽን ማሽን፣ አራት ኮምፒውተር። ሁለት ልጆች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ ይሠራሉ። እትዬ ገንዘቡን ይዘው በር ላይ ይቀመጣሉ። ሦስቱ ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 10 ናቸው፣ ብሮውዘራቸው ክሮም ነው። ሦስቱም ላይ ክሮም የገባው በአንድ የቤቱ ጂሜይል ነው። ሰበቡ ቀላል ነው። ደንበኛ ፋይል ሲልክ በዚያ ጂሜይል ይልካል፤ ልጆቹም ከየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ያወርዱታል። ይህችን አንድ ጂሜይል ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አራተኛው ኮምፒውተር ጥግ ላይ ያለ አሮጌ ነው። ዊንዶውስ 7 ነው። ክሮም ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ ለዊንዶውስ 7 አዲስ እትም አያወጣም፤ የመጨረሻው 109ኛው ነበር። ስለዚህ እዚያ ላይ እኔው ራሴ ፋየርፎክስ ጭኜለት ነበር። ልጆቹ አይወዱትም። "የአያቴ ኮምፒውተር" ይሉታል።

እንግዲህ ሦስቱ ክሮሞች ሲከፈቱ የሚመጣው የታወቀው የጉግል ገጽ አልነበረም። ነጭ ገጽ ነው፤ መሐሉ ላይ መፈለጊያ ሳጥን፣ ከሥሩ የአየር ጠባይና የቀለማት ጨዋታ። ላየው ሰው ምንም አይጎረብጥም። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ጽፈህ ስትፈልግ ግን ከላይ የሚመጡት አራት አምስት ውጤቶች በሙሉ ማስታወቂያ ናቸው። ልጅቷ "ዲቪ" ብላ ጻፈች፤ የመጀመሪያውን ነካች፤ ባንዲራ ያለበት ገጽ ተከፈተ። ሰልፉ ረጅም ነው። ሞላችው።

መጨረሻ ላይ የባንክ ካርድ ቁጥር ጠየቃት። ካርድ የለም። "ዘንድሮ ክፍያ ጀምረዋል መሰለኝ፤ በኋላ ይከፈላል ይሆናል" ብላ ያለውን አትማ ሰጠች። ልጅቷን አልፈርድባትም። ቀኑን ሙሉ ሠላሳ አርባ ሰው እያስተናገደ ሁሉንም ገጽ የሚያነብ ማን ነው?

"እንዴት አላየሁትም?" እያለች ስትብሰከሰክ አገኘኋት። እትዬ ግን አንድ የጠቀመ ነገር ተናገሩ። "ይሄ ገጽ ከነሐሴ ጀምሮ አለ። እኔ አራት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። ጠዋት ስመጣ ተመልሶ ይጠብቀኛል።"

የመጀመሪያው ቀን፣ የራሴ ስህተት

እዚህ ላይ ብልህ ሆኜ ብታይ ደስ ይለኝ ነበር። አልነበርኩም። በሩ አጠገብ ያለውን አንደኛውን ኮምፒውተር ከፈትኩ፤ ሦስቱን ነጥቦች ነካሁ፤ ሴቲንግ ገባሁ። መልክን በሚመለከተው ክፍል ውስጥ የሆም ቁልፍን የሚያሳይ ማብሪያ አለ። አበራሁት። አድራሻውን ጉግል አደረግኩት። ቁልፏን ስነካት ጉግል መጣ። "አለቀ እትዬ" አልኩ። ቡና ጠጥቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። "ተመልሷል" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ሳቅ ነበረበት፤ የቡናው መሆኑ ነው።

የተሳሳትኩት የብዙ ሰው ስህተት ነው። እኛ ሁሉንም በአንድ ቃል "ሆምፔጅ" እንላለን። ብሮውዘሩ ግን የሚያውቀው ሦስት በር ነው። አንደኛው ጠዋት ብሮውዘሩ ሲከፈት የሚመጣው ገጽ ነው። ሁለተኛው የቤት ምስል ያለባት ቁልፍ ስትነካ የሚመጣው ነው፤ ትክክለኛው ሆምፔጅ እሱ ነው። ክሮም ላይ ይህች ቁልፍ ካላበራኸት አትታይም፤ ብዙ ሰውም መኖሯን አያውቅም። ሦስተኛው የመደመር ምልክቷን ነክተህ አዲስ ታብ ስትከፍት የሚመጣው ነው። ሦስቱ የተለያየ ቦታ ላይ ነው የሚስተካከሉት። እኔ ሁለተኛውን በር ዘግቼ ነው "አለቀ" ያልኩት። እትዬ የሚያዩት ደግሞ አንደኛውን ነው።

ከሦስቱ ሌላ አራተኛም አለ፤ በር ሳይሆን የቤቱ ዘበኛ በሉት። ከላይ ባለው ረጅም ሳጥን ውስጥ ስትጽፍ ጥያቄህን ለየትኛው ሰርች ኢንጂን እንደሚወስደው የሚወስነው ምርጫ ነው። የዲቪዋን ልጅ የጎዳት ይሄኛው ነው። ሆምፔጁን ብታስተካክል እንኳ ሰርች ኢንጂኑ ከተቀየረ የምትፈልገው ሁሉ በእነሱ በኩል ያልፋል። እነሱ ከዚያ ነው የሚበሉት። ሰው ማስታወቂያቸውን በነካ ቁጥር ገንዘብ አለ። ስለዚህ ዋና ሥራቸው ገጹን መለወጥ ሳይሆን አንተ ስትመልሰው እንደገና መለወጥ ነው።

ሁለተኛ ቀን ስሄድ ጥያቄዬ ተቀይሯል። "እንዴት ይቀየራል?" የሚለውን ትቼ "ማን ነው የሚመልሰው?" ወደሚለው ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ያ ጥያቄ ቀድሞ የእትዬ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማኋቸው።

ፎርማት ይደረግ ወይ?

ከመቀጠሌ በፊት ስለ አንድ ፈተና ልናገር። የኛ ሰፈር ቴክኒሺያን መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት። ኮምፒውተር ዘገየ፣ ፎርማት። ድምፅ ጠፋ፣ ፎርማት። እትዬም ቀድመው ሌላ ሰው ጠይቀው ነበር፤ "ሦስቱም ፎርማት ይደረጉ" ብሏቸዋል። ዋጋም ነግሯቸዋል።

ፎርማት ገጹን ያጠፋው ነበር። ግን የሦስት ዓመት የደንበኛ ሲቪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ካርድ ዲዛይን እነዚያ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። የአማርኛ ፊደል መጻፊያውን እንደገና መጫን አለ። ፕሪንተሩን ማገናኘት አለ። በዲቪ ሰሞን ሁለት ቀን ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምንጩ ሳይታወቅ ይቀራል። ሳምንት ቆይቶ በመጣበት መንገድ ቢመለስስ?

ክሮም ራሱ ሴቲንጉን ወደ መጀመሪያው የሚመልስበት መንገድ አለው። ቡክማርክና የተቀመጠ ፓስወርድ ሳይነካ ሆምፔጁን፣ መክፈቻ ገጹንና ሰርች ኢንጂኑን ያስተካክላል፤ ኤክስቴንሽን የሚባሉትን፣ ብሮውዘሩ ላይ የሚለጠፉ ትንንሽ ፕሮግራሞችንም ያጠፋል። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ኩኪዎችንም (ገጾች አንተን እንዲያስታውሱ ብሮውዘሩ ውስጥ የሚቀመጡ ትንንሽ መረጃዎችን) ስለሚጠርግ የገባህበትን ሁሉ ያስወጣሃል። የቤቱን ጂሜይል ፓስወርድ ደግሞ በቃሉ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለመጨረሻ አስቀመጥኩት።

አንደኛው ምክንያት፣ በአካውንቱ የመጣው

መጀመሪያ ያየሁት ጥግ ያለውን "የአያቴን ኮምፒውተር" ነው። ፋየርፎክሱን ከፈትኩ። ንጹሕ ነው። ያው የድሮው ገጽ።

ይሄ ትልቅ ፍንጭ ነው። አራቱም አንድ መስመር ነው የሚጠቀሙት። አራቱም ላይ ያው የደንበኛ ፍላሽ ይሰካል። ችግሩ የኢንተርኔት መስመሩ ወይም የፍላሽ ቫይረስ ቢሆን አራተኛው አያመልጥም ነበር። የቀሩት ሦስቱ ብቻ የሚጋሩት ምንድን ነው? ክሮምና ያቺ ጂሜይል።

ወደ ክሮሙ ሄጄ ሴቲንግ ውስጥ ሲከፈት የሚመጣውን ገጽ የሚወስነውን ክፍል አየሁት። እዚያው ከሥሩ በትንሽ ፊደል ይህን ምርጫ የሚቆጣጠረው እገሌ የተባለ ኤክስቴንሽን ነው የሚል መስመር አለ። በፊተኛው ቀን ይህን ቦታ ብገልጠው ኖሮ ቡናውን በሐቅ እጠጣው ነበር።  የኤክስቴንሽኑ ስም ፒዲኤፍን ወደ ዎርድ እቀይራለሁ ይላል።

ልጆቹን ጠየቅኳቸው። ማንንም ለመውቀስ እንዳልሆነ ደጋግሜ ተናገርኩ፤ ካልሆነ እውነቱ አይወጣም። ልጁ ራሱን እያከከ ተናገረ። ነሐሴ ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፒዲኤፍ ይዞ መጥቶ "ዎርድ አድርግልኝ፣ አስተማሪው ይጠብቀኛል" ብሎታል። ልጁ ፈለገ፤ የመጀመሪያውን ነካ፤ "ነክስት፣ ነክስት፣ ነክስት"። ከዚያ ክሮም ላይም "ይጨመር?" የሚል ጥያቄ መጣ፤ እሺ አለ። ክሮም እንዲህ ያለ ኤክስቴንሽን ሲጨመር ምን ምን ሊቀይር እንደሚችል ይዘረዝራል። ማን ያነበዋል? እኔም ሲቸኩለኝ አላነበውም።

"የትኛው ኮምፒውተር ላይ ነው ያስገባኸው?" አልኩት።

"በሩ አጠገብ ያለው ላይ ብቻ ነው ጋሼ። ሌሎቹን አልነካሁም። እግዚአብሔርን!"

አልዋሸም። ክሮም በአንድ አካውንት ሲገባና ሲንክ (ኮምፒውተሮቹን የሚያመሳስለው ምርጫ) ሲበራ ቡክማርክ ብቻ አይደለም የሚያጋራው። ኤክስቴንሽንም ያጋራል። አንዱ ላይ የጫንከው በዚያ አካውንት የገቡት ሁሉ ላይ ራሱን ይጭናል። ለአንድ ሰው ለሁለት መሣሪያው ጥሩ ነው። ብዙ ሰው በሚነካካው ቤት ግን የአንዱ "ነክስት" የሁሉም "ነክስት" ሆነ።

ደስ የሚለው የመውጫው መንገድም ያው መሆኑ ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ኤክስቴንሽኑን አስወገድኩት። ዞሬ ሦስተኛው ጋ ስደርስ እዚያም የለም። በገባበት በር ወጣ። ሰርች ኢንጂኑም ወደ ቦታው ተመለሰ። ልጅቷ "ዲቪ" ብላ እንደገና ፈለገች፤ ትክክለኛው ገጽ መጣ። እትዬ ምንም አላሉም። ቡናም አላዘዙም። ነገ ጠዋትን መጠበቃቸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ሾርትከቷ

እውነታቸውን ነበር። በነጋታው ሁለቱ ጤነኛ ናቸው፤ በሩ አጠገብ ያለው ግን እንደገና ያንን ገጽ ይዞ ተከፈተ።

አሁን ግን አልከፋኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ሁለቱ ድነው አንዱ ብቻ ካመመው ምክንያቱ አካውንቱ ላይ የለም፤ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ያ ኮምፒውተር ደግሞ ልጁ ያንን ነገር የጫነበት ነው።

ሴቲንጉን አየሁ፤ ልክ ነው። ኤክስቴንሽን የለም። ክሮም በድርጅት የሚተዳደር ነው የሚል ጽሑፍ እንዳለም አየሁ፤ አንዳንዴ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ራሳቸውን የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ አስመስለው ትእዛዝ ያስገባሉ። እሱም የለም። ታዲያ ገጹ ከየት ነው የሚመጣው?

ክሮምን ዘጋሁና ከታች ከታስክባሩ ላይ ከፈትኩት። ጉግል መጣ። ዘግቼ ዴስክቶፑ ላይ ካለችው ምስል ከፈትኩት። ያ ገጽ መጣ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ልጆቹ ከኋላዬ ተሰብስበዋል፤ ደንበኛም ቆሞ ያያል። ከዴስክቶፕ ሲከፈት ብቻ ነው የሚመጣው።

ዴስክቶፕ ላይ ያለችው ምስል ክሮም ራሱ አይደለችም። ሾርትከት ናት፤ "ክሮም እዚህ ቦታ አለ፣ ሂድና ክፈተው" የምትል ጥቆማ። በቀኝ ነክተህ ፕሮፐርቲስ ስትገባ ታርጌት የሚል ሳጥን አለ። እዚያ ያለው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ በክሮም ስምና በጥቅስ ምልክት ነው የሚያልቀው። የእነሱ ግን ከጥቅሱ በኋላ አንድ ክፍት ቦታ ትቶ የዚያን ገጽ አድራሻ ያስከትላል። "ክሮምን ክፈት፣ ስትከፍተው ደግሞ እዚህ ሂድ" ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ብትኖርበት ይሄን አታገኘውም፤ ምክንያቱም ሴቲንጉ አልተነካም። ክሮም ሆምፔጅን የመሳሰሉ ምርጫዎቹን ሌላ ፕሮግራም እንዳይነካበት ይጠብቃል። ሾርትከቷን ግን የሚጠብቃት የለም። አጥሩን መዝለል ሲያቅታቸው አድራሻ ጠቋሚዋን ጠመዘዟት።

አጥፍቼ ኦኬ አልኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። የእትዬን "ጠዋት ስመጣ" የምትል ቃል አልረሳኋትም። ሲነሳ አድራሻው እዚያው ታርጌት ውስጥ ተመልሶ ተቀምጧል።

ስለዚህ የሚመልሰው አለ፤ የሚመልሰውም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ታስክ ስኬጁለር የሚባል አለ። በዚህ ሰዓት ይሄን አድርግ፣ ሰው ሲገባ ያንን አድርግ የሚባልበት ነው። ከፈትኩት። ከታወቁት ስሞች መሐል ስሙ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ክምር የሆነ አንድ ሥራ አለ። የሚሠራው ተጠቃሚ በገባ ቁጥር ነው። ያገኘሁት እሱን ነው።

ቀጥሎ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ዝርዝር በተጫኑበት ቀን ደረደርኩ። ይህችን ዘዴ ማንም ቢያውቃት ይጠቅመዋል። ከሁለት መቶ ስም መሐል መርማሪ መሆን አያስፈልግም፤ ችግሩ የጀመረበትን ቀን ብቻ ማየት ነው። በዚያ የነሐሴ ቀን ሁለት ነገር ነው የገባው። አንዱ የፒዲኤፍ መቀየሪያው። ሌላው ልጁ ስሙን ሰምቶት የማያውቀው። ተከታትለው በአንድ ቀን ገብተዋል። "ነክስት" ሲል አንደኛው ሌላኛውን አዝሎ ገባ።

ሁለቱንም አስወጣኋቸው። ያንን ሥራ ከስኬጁለሩ አጠፋሁት። አሮጌዋን ሾርትከት ጥዬ አዲስ ሠራሁ። ከዚያ አድደብልዩክሊነር የሚባለውን ነፃ ማጽጃ አስኬድኩ፤ የማልዌርባይትስ ነው፤ የወረደውም ከራሳቸው ገጽ ነው። ጥቂት ቅሪት ለቅሞ አወጣ። ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁ። አልተመለሰም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልተመለሰም።

ያ የመሐል ሜዳው አባት

የሚከብደው ይሄ ነው፤ ኮምፒውተር ስላልሆነ።

ስልካቸው በመዝገብ ነበር። እትዬ ራሳቸው ደወሉላቸው። ያልተሞላ መሆኑን፣ ያለ ክፍያ እንደገና እንደሚሞሉላቸው ነገሯቸው። እኔ ግን አንድ ስጋት ነበረብኝ። ዲቪ ላይ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከተሞላ ሁለቱም ይሰረዛሉ። እነዚያ የውሸት ገጽ ሰዎች መረጃውን ወስደው በእውነተኛው ላይ ሞልተውት ቢሆንስ? ልጁን በገዛ እጃችን ልናስወጣው ነው። ባንሞላው ደግሞ ጭራሽ ላይኖር ነው።

ተነጋገርን። ገንዘብ ያልከፈላቸውን ሰው በነፃ ደክመው አይሞሉም ብዬ ፈረድኩ። እትዬም "ነጋዴ ሳይከፈለው አይመዝንም" አሉ። ለአባትየው ስጋቱን ሳይደብቁ ነገሯቸው፤ ምርጫው የእሳቸውና የልጁ ነበር። "ሙሉት" አሉ። ልጁ ራሱ መጣ፤ ፎቶው በ600 በ600 ፒክስል እንደገና ተነሳ። በዚህኛው ወረቀት ላይ ቁጥሩ ነበረ። ልጅቷ በማርከር አሰመረችበት።

ለልጆቹም አድራሻ ማንበብ አሳየኋቸው። አድራሻ እንደኛ ስም ነው አልኳቸው። ከፊት ራሱ፣ ቀጥሎ አባቱ፣ መጨረሻ አያቱ። የዲቪው ገጽ ዲቪፕሮግራም ዶት ስቴት ዶት ጎቭ ነው። ዲቪፕሮግራም የስቴት ልጅ ነው፤ ስቴት የጎቭ ልጅ። ጎቭ የሚባል አያት ያለው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም ብቻ ነው። የኛ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ጎቭ ዶት ኢቲ ብለው ይጨርሳሉ። ራሱ "ዲቪ" ተባለ፣ "ዩኤስኤ" ተባለ፣ አይገርምም፤ ስም ማውጣት ነፃ ነው። አያቱ ማን ነው? ብሎ መጠየቅ ነው። ልጁ ወዲያው ገባው። "የሌላ ሰው አያት አይዋሱትም ማለት ነው" አለ።

የራሳቸው ገጽ

ጉግልን ሆምፔጅ አድርጌ መሄድ እችል ነበር። ግን ይህ ቤት የሚፈልገው ጉግልን አይደለም። ከጠዋት እስከ ማታ የሚከፍቱት የታወቁ ስድስት ሰባት ገጾችን ነው፦ ዲቪ፣ ፋይዳ፣ ፓስፖርት፣ የፈተና ውጤት፣ ጂሜይል። በየቀኑ እየፈለጉ ከሚሄዱ አንድ ገጽ ላይ ተጽፈው ቢጠብቋቸውስ?

ኖትፓድ ከፍቼ በኤችቲኤምኤል፣ በድረ ገጽ መጻፊያው ቋንቋ፣ አጭር ገጽ ጻፍኩ። ትልልቅ የአማርኛ ቁልፎች ናቸው፤ ሌላ ነገር የለውም። አድራሻዎቹን አንድ በአንድ አጣርተን አስገባን። መጀመሪያ ስከፍተው አማርኛው በሙሉ የተንጋደደ ምልክት ሆኖ መጣ። ገጹ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ የተጻፈ መሆኑን ለብሮውዘሩ የሚነግረውን መስመር ረስቼ ነው። አማርኛ ገጽ የሚሠራ ሰው ይህችን መስመር ከሁሉ በፊት ይጻፍ።

ፋይሉን ዲ ድራይቭ ላይ አስቀመጥነው። ክሮም ላይ ሲከፈት የተወሰነ ገጽ ይምጣ የሚለውን መርጠን የፋይሉን አድራሻ ሰጠን፤ የሆም ቁልፏንም እንዲሁ። አልትና ሆምን አብሮ መጫን ወደዚያው ገጽ ይወስዳል፤ ልጆቹ በአንድ ቀን ለመዱት። ፋየርፎክስ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ሆም የሚለው ክፍል ሄደን ያንኑ አድራሻ አስገባን። አዲስ ታቡን ተውነው፤ ሁለቱም ያለ ኤክስቴንሽን የራስህን ገጽ አያስገቡበትም፤ ለዚያ ብዬ ሌላ ኤክስቴንሽን አልጨምርም። ሲንኩንም አጠፋነው። ጂሜይሉ አለ፤ ግን አንዱ የጫነው ሌላው ጋ አይሄድም።

ገጹ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስላለ ኔትወርክ ቢጠፋም ይከፈታል። እትዬ የወደዱት ይህን ነው። "ድሮ ኔትወርክ ሲሄድ ያ የዳይኖሰር ስዕል ነበር የሚመጣው፤ ደንበኛ አይቶት ይወጣል። አሁን ቢያንስ ቤቱ ክፍት ይመስላል" አሉ።

ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ፣ ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ገጹ ተቀይሯል!"

ጋቢዬን ደርቤ ሄድኩ። መንገድ ላይ የረሳሁት ምን ይሆን እያልኩ ስኬጁለሩን በሐሳቤ ስከፍትና ስዘጋ ነበር። ስደርስ በአራቱም ላይ ከቁልፎቹ በላይ በቀይ "እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ" የሚል ተጽፏል። ከሥሩ የሠርግ ካርድ ዋጋ።

"ማን ነው የቀየረው?" አልኩ።

ልጅቷ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ብቅ አለች። "እኔ ነኝ ጋሼ። ኖትፓድ ነው እኮ።"